የይሁዳ ሁለተኛ ዓይን

አንድ ቀን የሙዚየሙ አዲስ ሥራ አስኪያጅ አቶ ፈጠነ፣ ጣሳ ሙሉ ቀለም የያዘ ቀቢ አስከትለው ወደ ሥዕል ክፍሉ ገቡ። እኚህ ሰው፣ ምን ልበላችሁ፣ ሳይጠየቁ የሚመልሱ፣ ሲጠየቁ የሚቆጡ ዓይነት ናቸው። በዚያ ሰዓት መምህር ልሳነወርቅ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው እያስተማሩ ነበር። መምህር ዕድሜያቸውን የፈጁት በኮሌጅ የሥነ ጥበብ ታሪክ በማስተማርና በዚያ ሙዚየም ውስጥ ሥዕል በመንከባከብ ነው። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ደግሞ ጌታ ከሐዋርያቱ ጋር ለእራት የተቀመጠበትን አሮጌ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። ዝንብ ሲያርፍበት እንኳ ያማቸዋል።

አቶ ፈጠነ ቀጥ ብለው ወደዚያው ሥዕል ሄዱና ጣታቸውን ይሁዳ ላይ ቀሰሩ።

«መምህር፣ የዚህ ሰውዬ ሌላው ዓይን የት ሄደ?»

«የትም አልሄደም ጌታዬ፤ ወዲያ ማዶ ነው።»

«ማዶ ማለት?»

«በጎኑ ነው የተሣለው። እኛ በማናየው በኩል አለ።»

«እኔ ያላየሁትን ሚኒስትሩ ሊያዩት ነው? ቅዳሜ ይመጣሉ እኮ! ጎዶሎ ሥዕል ሰቅለው ጠበቁን ይበሉን? ቀቢ አምጥቻለሁ፤ ዓይኑ የት እንደሚሆን ያሳዩትና ይጨምርለት።»

መምህር ድምፃቸውን ሳይለውጡ መለሱ። «ጌታዬ፣ ይኼ ያባቶቻችን የአሣሣል ሥርዓት ነው። ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ከሃዲ በጎኑ፣ ባንድ ዓይን። ሠዓሊው ረስቶ አይደለም።»

«ወይ ጉድ! ተረት ተረት አሁን ምን ያደርግልኛል?» አሉ አቶ ፈጠነ። «ወይ ዓይኑን ያስጨምሩ፣ ወይ የክፍሉን ቁልፍ አሁኑኑ ያስረክቡኝ።»

ቀቢው ምን ቸገረው፣ ጣሳውን ከፍቶ ማማሰል ጀመረ። መምህር ቁልፉን ቢያስረክቡም ሥዕሉ መቀባቱ አይቀርም፤ እምቢ ብሎ መሟገቱም የሚያዋጣ አልነበረም።

«እሺ፣ ይጨመርለት» አሉ መምህር። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ይሁዳ ሁለት ዓይን ካገኘ ጻድቅ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ቅዳሜ ሚኒስትሩ ‹ታዲያ ጌታውን የሸጠው ማነው?› ብለው ቢጠይቁኝ፣ የማንን ቢሮ ላሳያቸው?»

አቶ ፈጠነ ሥዕሉን አዩ፤ ተማሪዎቹን አዩ። ከዚያ ወደ ቀቢው ዞረው «ጣሳህን ግጠም» አሉት።

ሥዕሉ እንደነበረ አለ። አቶ ፈጠነ ግን ከዚያ ወዲህ ካሜራ ባዩ ቁጥር ሰው ገፍተውም ቢሆን ፊት ለፊት ነው የሚቆሙት አሉ።