ኬክ ይዞ የመጣው ሙት

ነገር የማታሳድር አንዲት ደራሲ ነበረች። አንድ የሞተ ሰው ሌሊት ሌሊት ከመቃብሩ እየተነሳ የገዳዩን በር ሲያንኳኳ የሚያሳይ ልቦለድ ጻፈች። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ መብራት ሳያጠፋ ያድር ነበር።

የአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ፣ አቶ ዘርጋው፣ ለበዓል ፊልም አደርገዋለሁ ብለው መጽሐፉን ወሰዱ። «ሰው ዶሮ ወጥ እየበላ እንዴት መቃብር ያያል?» አሉና መቃብሩን አስቀሩት። ጨለማው ልጆች ያስለቅሳል ብለው ታሪኩን ወደ ቀን አዞሩት። «ደግሞ በዓመት በዓል ሬሳ ምን ይሠራል?» አሉና ሙቱን ከውጭ አገር የተመለሰ ዘመድ አደረጉት።

ፊልሙ በተመረቀበት ዕለት ስክሪኑ ላይ ሙቱ አስቀድሞ ስልክ ደውሎ፣ ሱፉን ለብሶ፣ ኬክ ይዞ መጣ። የጣቢያው ሠራተኞች አለቃቸውን ለማስደሰት «በስመ አብ!» እያሉ አማተቡ።

አቶ ዘርጋው ማይክራፎኑን ለደራሲዋ አቀበሏት። «በይ እስቲ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ተናገሪ። አስፈራሽ ወይስ አላስፈራሽም?»

«ኧረ በጣም ነው የፈራሁት! ፀጉሬ ቆመ።»

አቶ ዘርጋው ደረታቸውን ነፉ። «የቱ ጋ?»

«መጨረሻው ላይ፣ ‹ደራሲ› ብሎ የእኔን ስም ሲያሳይ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አቶ ዘርጋው ፊታቸው ተለዋወጠ። «አሁኑኑ ስሟን ከፊልሙ ላይ አጥፉልኝ!» ብለው ጮኹ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ማይክራፎኑን እየመለሰችላቸው፤ «ግን ጋሼ፣ እሱም ከጠፋ ፊልሙ በምን ሊያስፈራ ነው?»