መዳፍ ያለሰለሳት ጠጠር

ጆሮ ያላችሁ ተጠጉኝ፤ አውሬ በወግ በሚሟገትበት ዘመን የሆነ ነው።

ባሏ የሞተባት ሽኮኮ ከልጇ ጋር በአለት ስንጥቅ ውስጥ ትኖር ነበር። አንድ ቀን ዝንጀሮ መጣና፣ «እመት ሽኮኮ፣ አባወራ የሞተበት ቤት ለጎበዝ ይለቀቃል፤ ውጪ!» አላት።

«አያ ዝንጀሮ፣ በሰንጠረዥ እንለይ። ከረታኸኝ እወጣለሁ፤ ከረታሁህ ዳግም አትምጣብኝ» አለችው።

ሟቹ አለቱ ላይ የጫረው ሰንጠረዥ አልጠፋም ነበር፤ የለቀማቸው ጠጠሮችም አሉ። ሽኮኮ ነጫጮቹን፣ ዝንጀሮ ጥቋቁሮቹን ደረደሩ። እሷም ገና ሲጀመር፣ ባሏ ሁልጊዜ ያስቀድማት የነበረችውን፣ መዳፉ ያለሰለሳትን ወታደር ወደ ጥቋቁሮቹ መሐል ገፋቻትና እየሳሳች ለቀቀቻት።

«ሆሆ! ለካ ጨዋታውንም ባልሽ ይዞት ሄዷል!» አለ ዝንጀሮ፤ ጠጠሯንም በልቶ ጉንጩ ውስጥ ወሸቃት። ሌላ ሰጠችው፤ ወሸቀ። ደግማ ሰጠችው፤ ወሸቀ። ጥቋቁሮቹ ምርኮ ሲያሳድዱ ንጉሣቸው ብቻውን ቀረ። የሽኮኮ ፈረሶች ጥቋቁሮቹ ጥለውት በሄዱት ቦታ ገብተው መውጫ አሳጡት።

«በል ንጉሥህን አድን» አለችው።

ዝንጀሮ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ጠጠሮቹ ዝርግፍ አሉ። እንደ ፈሰሱ ትቷቸው ሄደ።

ሽኮኮ ለስላሳዋን ጠጠር አንስታ በደረቷ ጠጉር ጠረገቻትና ከልጇ ፊት አስቀመጠቻት።

«እማዬ፣ አባዬ ይቺን ወዴት ነበር የሚወስዳት?»

«ወደ ፊት ነዋ፣ ልጄ። ግፊያት።»

እኔ ተረትኩ፤ ተራው የእናንተ ነው።