ይታይሽ የጓሮውን በር የከፈተች ዕለት

በወይራ አምባ አንድ ሰው የሚጠብቀው ቢዘገይበትና መቀመጫ አጥቶ ከቤት ወደ አጥር፣ ከአጥር ወደ ቤት ሲመላለስ ካዩት፣ ጎረቤቶቹ ተያይተው አንዲት ነገር ጣል ያደርጋሉ። ሰውየው የአገሩ ሰው ከሆነ ወዲያው ይገባውና እያፈረም እየሳቀም ይቀመጣል። እንግዳ ከሆነ ግን «ምን ማለታችሁ ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ የይታይሽን ነገር ከሥሩ አንስቶ የሚያጫውተው ሰው አይጠፋም።

ይታይሽ ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ልጅ ብቻ የቀረቻት ሴት ነበረች። ልጅቱ ፈንታነሽ ትባላለች፤ ከእሷ በፊት የተወለደው ወንድ ልጅ በኩፍኝ ስለሞተ፣ በእሱ ፈንታ የተሰጠች ናት ሲሉ ያወጡላት ስም ነው። አባቷ መኩሪያ ደግሞ፣ ፈንታነሽ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች፣ በነሐሴ ወር ጥቁር ውሃ የተባለውን ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ጎርፍ ወሰደው። ሬሳው የተገኘ በሦስተኛው ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ይታይሽ ዕረፍት የሚባል ነገር አታውቅም። ደመና ሲያንዣብብ ወንዙ ሞላ ትላለች፤ ውሻ ሲያላዝን ሰው ሞተ ትላለች። በሩን ዘግታ ትወጣና መንገድ ላይ «ዘግቼዋለሁ ወይስ አልዘጋሁትም?» ብላ ትመለሳለች። ጸሎት አታስታጉልም፤ ጾሟንም ስግደቷንም አገር ይመሰክርላታል። ነገር ግን ቅዳሴ ሲያበቃ፣ በር ላይ ያወለቀችውን ጫማ መልሳ እንደምታጠልቅ ሁሉ፣ ጭንቀቷንም እዚያው አጥልቃ ትመለሳለች።

ፈንታነሽ አድጋ ከጥቁር ውሃ ማዶ ተዳረች። አረገዘችም። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ይወለዳልና፣ ባሏ አያሌው ከገበያ በሚመለስ ሰው እንዲህ ሲል ላከ፦ «ሐሙስ በበቅሎ ይዣት እመጣለሁ። ወንዙ ከሞላ በላይ በኩል ዞረን በድልድዩ እንሻገራለን። እናታችን ብቻ ከቤት አይውጡ፤ ፈንታነሽ ደክሟታል፣ እንደደረሰች ማረፍ አለባት።»

ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ነው። ሐሙስ ጠዋት ይታይሽ ቤቷን ሁለት ጊዜ ጠረገች፤ መደቡን አነጠፈች፤ አንሥታም እንደገና አነጠፈችው። ለገንፎው ያስፈጨችውን የገብስ ዱቄት ከፍታ አየችው፣ ከደነችው፣ ደግሞ ከፈተችው። በላይ በኩል ያለው ተራራ ጠቁሯል። የወንዙ ድምፅ ቤት ድረስ ይሰማል።

አብረዋት የተቀመጡት እትዬ ላቀች ናቸው። የመንደሩ አዋላጅ ናቸው፤ ይታይሽ ፈንታነሽን ስትወልድም ያዋለዷት እሳቸው ነበሩ። ቤታቸው ከይታይሽ ደጅ ፊት ለፊት ነው።

«ተቀመጪ እስቲ! አንቺን ሳይ እኔም ራሴን አዞረኝ» አሏት።

«ወንዙን አይሰሙትም እትዬ?»

«እሰማዋለሁ። ከተዋወቅን ስልሳ ዓመታችን ነው። ድልድይ ደግሞ አለ።»

«ድልድዩ ሩቅ ነው። አያሌውን አላውቀውም እንዴ? ችኩል ነው። በቅሎዬን አምናታለሁ ብሎ ቢገባስ?»

«ሰው ችኩል ነው የምትዪው አንቺ ነሽ?» እትዬ ላቀች ሳቅ አሉ። «ጠዋት ኪዳን ስታደርሺ ምን ብለሽ ለመንሽ?»

«በሰላም አምጣልኝ አልኩ።»

«በይ እንግዲያው የለመንሽውን አምላክ ጊዜ ስጪው። ለምነሽ ስታበቂ አንቺው ልትሠሪው ከሆነ ምን አስለመነሽ?»

ይታይሽ ተቀመጠች። ወዲያው ተነሣች። ከደጅ ደርሳ ተመለሰች። እኩለ ቀን ገደማ እትዬ ላቀች «እሳት ላይ የጣድኩትን ሽሮ አውርጄ መጣሁ፤ ከዚህ እንዳትነቃነቂ» ብለዋት ወደ ቤታቸው ተሻገሩ።

እንደወጡ የወንዙ ድምፅ የጨመረ መሰላት። በደጅ ብትወጣ እትዬ ላቀች ያዩዋታል፤ ካዩዋት አይለቋትም። ስለዚህ ቤቱን ቆለፈች፤ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው፤ በጓሮ ዞራ የእሾሁን በር ከፍታ ወደ ቁልቁለቱ ወረደች። የጓሮው መንገድ ወደ ወንዙ ያቋርጣል።

ጭቃው ያንሸራትታል። ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ ነጠላዋን መልሳ ሳታጣፋ ተነሥታ ሄደች። ግማሽ መንገድ ላይ አህዮቹን የሚነዳ ጨው ነጋዴ አገኘች።

«እናቴ፣ ወዴት ነው በዚህ ጭቃ?» አላት።

«ወደ ወንዙ። በማዶ መንገደኛ አላየህም? በበቅሎ ላይ ያለች ነፍሰ ጡር?»

«እንዲያ ያለ ሰው አላየሁም። ወንዙ እንደሆነ አያሻግርም፤ እኔም በላይ ዞሬ ነው የመጣሁ። አንዲት ዳማ በቅሎ ብቻ ከነኮርቻዋ ሲወስዳት አይቻለሁ።»

የአያሌው በቅሎ ዳማ ናት።

«ሰውስ? ሰው አልነበረባትም?»

«ሰው እንኳ አላየሁም» አለ፤ ፊቷን አይቶ በመናገሩ የተጸጸተ ይመስላል። ይታይሽ ግን የቀረውን አልሰማችም። እየሮጠች ነበር።

ወንዙ ዳር ስትደርስ ውሃው ደፍርሶ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ ሌላ ጊዜ ልብስ የሚታጠብበትን ድንጋይ ውጦታል። ማዶ ማንም የለም። «ፈንታነሽ!» ብላ ጮኸች፤ ድምፅዋን ወንዙ በላው። ከዳር አንድ እንጨት አነሣችና እየተመረኮዘች ገባች። ውሃው ጉልበቷ ላይ ሲደርስ ከኋላዋ ክንዷን ጨብጦ ወደ ኋላ የጎተታት ሰው አለ።

የንስሐ አባቷ መምሬ ተድላ ናቸው። ከወንዙ በላይ ወዳለችው ኪዳነ ምሕረት ለቅዳሴ ሲወጡ ጩኸቷን ሰምተው ነው ጥላቸውን ጥለው የወረዱት።

«ይታይሽ! ምን ልታደርጊ ነው?»

«ይልቀቁኝ አባቴ! ልጄ ማዶ ናት። በቅሎዋን ውሃ ወስዷታል!»

«ማን አየ?»

«ነጋዴ ነገረኝ።»

«ልጅሽን ሲወስዳት አይቷል?»

ክንዷን ለማስለቀቅ ታገለች። መምሬ ተድላ ክንዷን ሳይለቁ ወደ ደረቁ መሬት አወጧትና ድንጋይ ላይ አስቀመጧት። ተመልሳ ተነሣች።

«አንድ አፍታ ተቀመጪ፤ ትንፋሽሽ ይመለስ።»

«አልቀመጥም!» አለች። «አይቆጡኝ አባቴ፣ መቀመጥ አልችልም። ይህ ወንዝ መኩሪያን የወሰደው ዕለት እኔ ቤቴ ተቀምጬ ተልባ ስቆላ ነበር። አንጎራጉርም ነበር። እሱ እዚህ ሲጮህ እኔ እዚያ አንጎራጉር ነበር! ያን ዕለት ነው ዳግመኛ አልቀመጥም ያልኩት። እኔ ከተቀመጥኩ ሰው ይሞትብኛል።»

መምሬ ተድላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ንስሐዋን ሲቀበሉ ይህን ነገር ከአፏ ሰምተው አያውቁም። ጭቃው ላይ እሳቸው ቁጭ አሉ።

«ይህን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለራሴም ነግሬው አላውቅም።»

ቅዳሴው እየጠበቃቸው ነበር፤ ቢሆንም አልተነሡም። «ስሚኝ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «መኩሪያ ለምን እንደተወሰደ አላውቅም፤ አውቃለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ያን ዕለት ግን ቆመሽ ብትውዪም ወንዙ አይጎድልም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ዘብ የቆምሽው ባለቤት ባለው ደጅ ላይ ነው።»

«ፈንታነሽስ?»

«እሷም ምን ላይ እንዳለች አላውቅም። የሚያውቃት ግን አለ። እነአያሌው አንቺን ምን አድርጊ አሉሽ?»

«ከቤት አትውጪ።»

«በቃ፣ ያንቺ ድርሻ እሱ ነው። ሌላውን ለባለቤቱ ተይለት። ጭንቀትሽን ጣይበት፤ እሱን አይከብደውም።»

«አላውቅበትም አባቴ። እንዴት ነው የሚጣለው?»

መምሬ ተድላ ፈገግ አሉ። «እኔስ መቼ አወቅሁበትና! እጥለዋለሁ፤ ተከትሎኝ ይመጣል፤ እንደገና እጥለዋለሁ። አንዳንድ ቀን እስኪመሽ ስንታገል እንውላለን።»

ይታይሽ ወንዙን አየች። ከዚያ እንደ ልማዷ መዝሙረ ዳዊቱን ሳትደግም፣ ልመናዋንም ሳታስረዝም፣ ጎረቤት እንደሚያወራ አድርጋ ተናገረች። «ጌታዬ፣ በመኩሪያ ነገር ተቀይሜህ ነበር። አሁንም ደንግጫለሁ። ልጄ በእጅህ ናት። እኔ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።»

ይህን ብላ ጀርባዋን ለወንዙ ሰጠች። መንደርተኛው እንደሚለው፣ ይታይሽ በዕድሜዋ ካደረገችው ሁሉ የከበዳት ይህ ነው። ቀለል አላላትም። ሰላም ከሰማይ ወርዶ አልሸፈናትም። እግሮቿ ወደ ቤት ሲሄዱ ልቧ ወደ ኋላ ይጎትታታል፤ ያቺ ዳማ በቅሎ ዓይኗ ላይ ትመጣለች። አሥር እርምጃ ሄዳ ትቆማለች። «በእጅህ ናት» ትላለች። ትሄዳለች። ደግሞ ትቆማለች። ዳገቱ መሐል ላይ አንድ ጊዜ ጨርሳ ወደ ወንዙ ዞራ ነበር፤ ወንዙ ዳር ሆና የምታደርገው ነገር እንደሌለ ትዝ ሲላት፣ እያለቀሰች ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ግን የምትቆምበት ጊዜ እየራቀ ሄደ።

መንደሩ አፋፍ ላይ ስትደርስ ከቤቷ አቅጣጫ የሴቶች ጩኸት ሰማች።

ባለችበት ደረቀች። መኩሪያን ያመጡት ዕለት የሰማችው ጩኸት እንዲሁ ነበር። አሁን ወደ ወንዙ መሄድ አይደለም፣ ከቤቷ መሸሽ ነው የፈለገችው። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ብትሞትም ብትኖርም በእጅህ ናት» አለች። ይህን ስትል የምትለውን ታውቅ ነበር። ከዚያም ሳትሮጥ፣ ሳትቆምም፣ ወደ ጩኸቱ ሄደች።

ስትቀርብ ቃሉ ተለየላት። «ማርያም! ማርያም! ማርያም!» ይላሉ ሴቶቹ። የምጥ ነው እንጂ የለቅሶ አልነበረም።

አያሌው በእትዬ ላቀች ደጅ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። በቅሎዋ አጥሩ ሥር ታስራ ሣር ትበላለች። ውሃ የወሰዳት የሌላ መንገደኛ በቅሎ ኖራለች።

እትዬ ላቀች እጅጌያቸውን እንደጠቀለሉ ብቅ አሉ። «አንቺ ሴት! የት ጠፋሽ? ቤቱን ቆልፈሽ፣ ቁልፉን አንገትሽ ላይ አስረሽ! ደጅ ላይ ምጥ ቢይዛት እኔ ቤት አስገባኋት። ከገባች ጀምሮ እናቴ የት አለች ነው የምትለው!»

ይታይሽ በአጠገባቸው አለፈች። ገብታ ከልጇ ኋላ ተቀመጠች፤ በደረቷም ደገፈቻት።

«እማዬ!» አለች ፈንታነሽ፤ ላብ አጥምቋታል። «ፈራሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለች ይታይሽ። «ነይ አብረን እንፍራ። በእጁ ነን።»

እትዬ ላቀች ቀና ብለው አዩዋት። ጠዋት መደቡን ሲያነጥፍና ሲያነሣ ያረፈደው የይታይሽ እጅ፣ የልጇ ሆድ ላይ እንደተቀመጠ አይነቃነቅም። ምጡ ረጅም ነበር፤ አንድ ጊዜ እትዬ ላቀች ራሳቸው ግንባራቸውን ቋጥረው ነበር። ይታይሽ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት አንዲት ሴት ልጅ ተወለደች፤ ጥቂት ዝም ብላ አስጨንቃቸው ኋላ ጮኸች። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ይታይሽ የልጅ ልጇን ታቅፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ከዚያም ቀስ ብላ ማንጎራጎር ጀመረች።

በማግሥቱ መምሬ ተድላ መጡ። ካህን አራስ ቤት አይገባምና ከአጥሩ ውጭ ቆመው ተጣሩ። ይታይሽና እትዬ ላቀች ወጡ።

«እንኳን ማርያም ማረቻት!» አሉ መምሬ ተድላ። «ለመሆኑ መቼ ደረሱ? በየት መጡ?»

«በድልድዩ ነዋ፣ እንዳሉት!» አሉ እትዬ ላቀች። «ሽሮዬን ሳላወርድ በቅሎዋ ደጁ ላይ ቆመች። ይታይሽ! ይታይሽ! ብዬ ብጣራ መልስ የለም። ዞሬ ባይ የጓሮው በር ገና ይወዛወዛል።»

መምሬ ተድላ ወደ ይታይሽ ተመለከቱ። ይታይሽ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች፤ ከመኩሪያ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ያያት የለም። እትዬ ላቀችም በእሷ ሳቅ ተይዘው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ለመምሬ ተድላ እንዲህ አሏቸው፦ «ምን ይባላል አባቴ፤ እግዜር በደጅ ሲመጣ፣ ጭንቀታም በጓሮ ወጣ!»