ድንጋዩ እስኪሸብት

ተረት ተረት! ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ እንቅልፍ የያዘው ወዲያ ይበል። የዛሬው የሚያስቅ አይደለም።

ድሮ ፊታውራሪ ይርዳው የሚባል አዲስ ሹም ነበር። ግቢውን ሁሉ በድንጋይ አስነጠፈ። ታዲያ ግብር ሊበሉ የመጡ መኳንንት «የጥንት ባላባት ደጅማ ድንጋዩ ሸብቷል፤ ይሄ የትናንት ነው» ብለው ሳቁበት። የድንጋይ ሽበት ታውቃላችሁ አይደል? ያ ወንዝ ዳር ድንጋዩን የሚያለብሰው ለስላሳ አረንጓዴ ነው። ሹሙ በንዴት ድንጋዩን ያነጠፈውን ግንበኛ ቢምረውን እዚያው ግቢ በሰንሰለት አሰረው። «ድንጋዩ እስኪሸብት አትፈታም!» አለው።

የቢምረው ሚስት አንጓች አንጀቷ አረረ። ግን እንባዋን ዋጥ አድርጋ «እኔ አሸብትልዎታለሁ ጌታዬ» አለች። ሽበቱን ከወንዝ ዳር ከነአፈሩ እየላጠች አመጣች። ድንጋዩን አሬራ ቀብታ ለጠፈችው፤ ጠዋት ማታ ውሃ አርከፈከፈችለት። ያዝ ሲያደርግ ይረገጣል፣ ይላጣል።

«አንቺ ሴት፣ የታለ ሽበቴ?»

«ጌታዬ፣ ሽበት እግር አይወድም። ባለጉዳይ ይረግጠዋል።»

ሹሙ ባለጉዳይ ከለከለ። ደሀው ደጅ ላይ ጮኾ ጮኾ ተመለሰ። ሽበቱ ትንሽ ያዘ።

«አሁንስ ምን ቀረው?»

«ጌታዬ፣ ዘመድ ይረግጠዋል።»

ዘመድ ከለከለ። የእናቱ ልጅ፣ እህቱ እንኳ ከበር ተመለሰች። ሽበቱ ተንሰራፋ።

«አሁንስ?»

«ጌታዬ፣ አሽከር ይሮጥበታል፤ እስረኛም ሰንሰለቱን ይጎትትበታል።»

ወይ አለመታደል! ሽበቱ ዓይኑን አሳውሮት ነበር። አሽከሩንም እስረኛውንም አስወጣ፤ ምግቡን በአጥር ላይ በገመድ እንዲያቀብሉት አዘዘ። አዋጅም አስነገረ፦ «ሽበቴን የረገጠ እግሩ ይቆረጥ!»

ቢምረው ወጣ። ቁርጭምጭሚቱን ሰንሰለት በልቶት መራመድ አቅቶታል። አንጓች አዝላ ወሰደችው።

ክረምቱ ገባ። ግቢው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ለበሰ፤ እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ሹሙን ግን ንዳድ ጣለው፤ እስከ አጥሩ ገመድ እንኳ መድረስ አቃተው።

«ውሃ! የሰው ያለህ!»

አሽከሮቹ አጥር ሥር ቆመው እግር እግራቸውን ያያሉ።

«ግቡ! አዋጁን ሽሬዋለሁ!»

«ንዳዱ ነው የሚናገረው፤ ሲሻለው ይቆርጠናል» ተባባሉ።

አንጓችም መጥታ ሰማች። አዘነችለት ልበላችሁ? አላዘነችም። «ጌታዬ፣ የባሌን እግር አይቻለሁ፤ የኔን አልሰጥዎትም» አለችና ፊቷን አዞረች። ድምፁ እየሰለለ ሄደ፤ ጠፋ። ከዚያ በኋላ እዚያ ግቢ የገባ ጅብ ብቻ ነው። ጅብ አዋጅ አይሰማ!

ተረቴን ውሰዱ። ዛሬስ አፌን በዳቦ አታብሱልኝ፣ መርሮኛል። ይልቅ ይቺን ያዙ፦ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፤ መድኃኒቱን ከደጁ ያባረረ በጩኸት አይድንም።