እመት ጃርትና ነጫጮቹ ጎረቤቶቿ

አንድ ጊዜ ፀሐይ ዘልቃ በማትገባበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ እመት ጃርት ልጆቿን በእንጉዳይ ታሳድግ ነበር። እንጉዳዩ የሚበቅለው ከአንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ነው። በዚያ ክረምት ግን ሄዳ ባየችው ቁጥር እየሳሳ መጣ፤ ልጆቿም ሳይጠግቡ መተኛት ጀመሩ።

ከእንጉዳዩ አጠገብ ጣት የማያህሉ ነጫጭ ተክሎች፣ እናት ከነልጆቿ፣ ሰፍረዋል። አረንጓዴ ቅጠል የሚባል የላቸውም፤ ፀሐይም ፈልገው አያውቁም። «ቅጠል የሌለው ተክል በምን ይኖራል? ሰርቆ ነዋ!» ትላለች እመት ጃርት ለራሷ። ዝም ሲሉ የደበቁ፣ አንገታቸውን ሲደፉ ያፈሩ ይመስላት ነበር። አቤት ጥርጣሬ! አንዴ ከገባ እንቅልፍ አያስተኛም።

በመጨረሻ የደኑ ነዋሪ ሁሉ ለአውጫጭኝ ተሰበሰበ። በአገሩ ደንብ ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር ሁሉም በየተራው ተነስቶ የሚያውቀውን ይናገራል፤ ማንም አይዘለልም። ዳኛው አያ ጅቦ ሆዱን እያሻሸ ተቀመጠ።

«ከማን እንጀምር?» አለ።

«ከነጫጮቹ ነዋ!» አለ ቀበሮ ፈጠን ብሎ።

የተክሎቹ እናት ቀና አለች። «እውነት ነው፣ ከእንጉዳዩ እንበላለን» አለች። «ግን አፈር ውስጥ ካለው ክሩ ትንሽ ትንሽ ነው የምንቀምሰው። ከላይ ያለውን ነክተን አናውቅም። ክሩ ከሥራችን ጋር ተጠላልፏል፤ እኛን ብትነቅሉ እሱም ይበጠሳል፣ እንጉዳዩም ዳግም አይበቅልም።»

«ሰማችሁ? አመነች! ደግሞ ታስፈራራናለች!» ብላ ጮኸች እመት ጃርት፣ እሾኋን አቁማ።

«ካመነች ምን እንጠብቃለን? እኔ እንደሆነ እርቦኛል» አለ አያ ጅቦ። ተራው ለሌላው ሳይደርስ ሸንጎው ተበተነ። ጅብ ቆፈረ፣ ጃርት ነቀለች፤ መሬቱ ተገለባበጠ።

ዝናብ መጣ፤ ሌላም ዝናብ መጣ። ከዝግባው ሥር አንድም እንጉዳይ ብቅ አላለም። እመት ጃርት ልጆቿን ይዛ ባዶውን አፈር ስትምስ ቀበሮ በአጠገቧ ሲያልፍ አየችው።

«ወዴት ነው?»

«እንጉዳይ ወዳለበት ደን። እዚህማ ምን ቀረ ብለሽ!»

ጃርት ክው አለች። «አንተም እንጉዳይ ትበላለህ እንዴ? ታዲያ በአውጫጭኙ ቀን ምነው ዝም አልክ?»

«ምን ላድርግ፣ እመት ጃርት? ተራዬ ሳይደርስ ተነሳችሁ» ብሎ እየሳቀ ሄደ። ልጆቿ እራት ጠየቋት፤ እሷም ባዶውን አፈር መማስ ቀጠለች።

ከዚህ የምንማረው፣ በጥርጣሬ የቸኮለ ሰው እውነቱን የነገረውን ቀጥቶ ዝም ያለውን ሌባ በሰላም እንደሚሸኝ ነው።