ዶክተሮቹ ለሽምግልና የሄዱ ጊዜ

አንድ የኮሌጅ መምህር የንብረት ክፍል ኃላፊውን ልጅ ወደደ። መምህሩ ናሁሰናይ ይባላል፤ ልጅቷ ትርንጎ ደግሞ በዚያው ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች። መዋደዳቸውን ከእነሱ ቀድመን ያወቅነው እኛ የኮሌጁ ጎረቤቶች ነን። መጽሐፍ ሊመልስ ብቻ የሚሄድ ሰው በየቀኑ ሽቶ አይቀባማ።

በዚያ ኮሌጅ መምህራንና የአስተዳደር ሠራተኞች ሻይ እንኳ አብረው አይጠጡም። እነዚያ በአንድ ክበብ፣ እነዚህ በሌላ። ስለዚህ ናሁሰናይ ሽማግሌ የላከው ከራሱ ወገን ነው፤ ሦስት ዶክተሮች፣ ከነክራቫታቸው።

የልጅቷ አባት አቶ ይመኑ እንደ ወጉ «ልጁ እንዴት ያለ ነው?» ብለው ጠየቁ። ዶክተሮቹ በየመንፈቁ እርስ በርስ ሲገማገሙ የኖሩ ናቸው። አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «በጠንካራ ጎኑ ትጉህ ነው። በደካማ ጎኑ ቀጠሮ አያከብርም፤ ካኮረፈ ደግሞ ሦስት ቀን አይናገርም» አሉ።

«በዚህ እንኳ አልስማማም፤ እኔ ያየሁት ሁለት ቀን ነው» አሉ ሁለተኛው።

ሦስተኛው «በአጠቃላይ ሊሻሻል የሚችል ነው» ብለው ደመደሙ።

«እንግዲያው ሲሻሻል ተመለሱ» አሉ አቶ ይመኑ። ትርንጎ ጓዳ ሆና አለቀሰች።

ናሁሰናይ ጨነቀውና ወደ ሠራተኞቹ ሄዶ ሹፌሩን ጋሽ ደምሰውን ለመነ። ጋሽ ደምሰው አቶ ይመኑ ቤት ሄዱ፤ አፋቸውን ከከፈቱ ማን ይችላቸዋል።

«ይመኑ፣ ይህ ልጅ መልአክ ነው። ክንፍ ብቻ ነው የቀረው።»

«ተው ደምሰው። ባለፈው ለጉብኝት ስትወጡ መኪና ውስጥ አስጠብቆ አደረቀኝ እያልክ ስትራገም የነበረው ማንን ነው?»

ጋሽ ደምሰው ሳቃቸው አመለጣቸው። «እሱን ወሬ ለዛሬ አላመጣሁትም።»

«እነዚያ ጥፋቱን ዘርዝረው ሰውየውን ደበቁኝ፤ አንተ ሰውየውን አሳምረህ ጥፋቱን ደበቅኸኝ» አሉ አቶ ይመኑ። «እኔ ግማሽ አማች አልፈልግም። አንድ ላይ ተነጋግራችሁ ኑ፤ ካልሆነ ይቅር።»

ዶክተሮቹ የሠራተኞቹን ክበብ ያዩት ያን ጊዜ ነው። አስተናጋጇ መንገድ የጠፋቸው መስሏት ነበር። ከሰዓቱን ሙሉ ከጋሽ ደምሰው ጋር ሲከራከሩና ሲሳሳቁ ድምፃቸው እስከ እኛ አጥር ይሰማ ነበር።

እሑድ አብረው ሄዱ። አቶ ይመኑ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ነገ ተጋብተው ቢጣሉ ማን ያስታርቃል?»

«እኛ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሳናድበሰብስ እንናገራለን» አሉ አንዱ ዶክተር።

ጋሽ ደምሰው ተቀበሉ። «እኛ ደግሞ ጥፋተኛው አንገቱን ሳይደፋ ቤቱ እንዲገባ እናደርጋለን።»

አቶ ይመኑ ወንበር እየሳቡ «በሉ ቁጭ በሉ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ። ጓዳ ያሉት ሴቶች ግን ንግግራቸው እስኪያልቅ አልጠበቁም፤ እልልታው ቀደማቸው።

እውነት ያለ ፍቅር ሲነገር በር ያዘጋል። ፍቅርም እውነትን ከደበቀ አይታመንም። ሁለቱን አስማምቶ መናገር የሚችለው ደግሞ ከማይመስለው ሰው ጋር አብሮ የተቀመጠ ነው። ወዳጆቼ፣ ነገ ስለ እናንተ የሚቆም ሰው ቢያስፈልግ፣ ከወዲያኛው ክበብ የምትጠሩት አለ?