መንቃትሽ ካልቀረ

አሁን ከምነግርህ ውስጥ አንዲት ቃል ብዋሽ የነገዋን ፀሐይ አያሳየኝ፤ ይህቺ የቀረችኝ ዕድሜም እዚሁ በተቀመጥኩበት ትቆረጥ። አንተ ሽታሁን፣ «ሚስቴ ሆዷ ገፍቶ እንቅልፍ አጣች፤ የትኛውን ሥር ቀቅዬ ላጠጣት?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ሥር አላውቅም። የማውቀው አንድ ወሬ ነው፤ ቁጭ በልና ስማ።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ በቆሎ የሚበቅልበት ቆላ ውስጥ ይኖራል። ክፉ ሰው አይደለም። ሚስቱን መትቶ አያውቅም፣ ሰክሮ አይገባም፣ ከገበያ ሲመለስ ባዶ እጁን አይመጣም። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ፣ ኋላ «እሱማ ክፉ ነበር፣ እኔ እንደ እሱ አይደለሁም» ብለህ እንዳታመልጠኝ ነው።

ሚስቱ ትርንጎ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ሆዷስ ምን የመሰለ ሆድ! እሷ ገና ምንጭ ዳር ሳለች ሆዷ ቤት ደርሶ እንስራ ያወርዳል ይሉ ነበር። ልጁ ቀን ቀን ዝም ይላል። ጀንበር ጠልቃ ጎኗን ስታሳርፍ ግን እዚያው ውስጧ በሬ ጠምዶ ያርሳል፤ አርሶ ይጎለጉላል፣ ጎልጉሎ ያበራያል። ቃሯ ክብሪት ሳይጫር እንጨት ያቀጣጥላል። ባቷን ሲያኮማትራት እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጨምቃታል። ሽንቱ ደግሞ አለ! ከደጅ እስከ ጓሮ ከመመላለሷ የተነሳ ጥርጊያ ወጥቶ፣ መንገደኛው ዋና መንገድ መስሎት በእሷ ጓሮ በኩል ገበያ ይወርድ ጀመር።

በቀኝ ብትተኛ ጭንቅ ነው፤ በግራ ብትተኛ ጭንቅ ነው፤ በጀርባዋ ብትሆን ትንፋሽ የለም። ከሁሉ የባሰው ግን ፍርሃቱ ነበር። ዓይኗን ስትከድን ምጡን ታየዋለች።

የመንደሩ አዋላጅ ሆዷን ዳብሳ እንዲህ አለቻት፦ «በግራ ጎንሽ ተኚ። ጉልበትሽ መሀል ጨርቅ ጠቅልለሽ አድርጊ። እራትሽን በጊዜ ብዪ። ቀንም ቢሆን ዓይንሽ ሲከብድ ጋደም በዪ። ምጥ ጉልበት ይበላል ልጄ፤ ሳትተኚ ከደረሰብሽ ምን ታበይዋለሽ?»

ትርንጎ የታዘዘችውን ሁሉ አደረገች። ጨርቁ ወገቧን ደገፈላት፤ የእራቱም ነገር ቃሯን ጋብ አደረገላት። የቀን ጋደም ማለቱ ነው ያልተገኘው።

ነገሩን የጀመረው ባሏ ነው፤ ያውም በፍቅር። «የኔ እመቤት» አላት አንድ ጠዋት፣ «መንቃትሽ ካልቀረ፣ ላሚቱ መውለጃዋ ደርሷልና ጆሮሽን ጣል አድርጊባት። ብቻዋን እንዳትጨነቅ።»

«እሺ» አለች። ላሚቱ ስትወልድ ጥጃው በኋላ እግሩ መጣ፤ ትርንጎ ነቅታ ስለነበር ጠርታ ሰው አስደረሰችለት። ወሬው መንደሩን አዳረሰ።

አረቄ የምታወጣ ጎረቤቷ መጣች። «ትርንጎዬ፣ መንቃትሽ ካልቀረ እሳቴን ቆስቁሺልኝ። እኔ እንደሁ እንቅልፌ የድንጋይ ነው።» ነጋዴው መጣ። «እህቴ፣ መንቃትሽ ካልቀረ ለገበያ ቀን ቀስቅሺኝ። ዶሮዬ ዋሾ ነው፤ እንዳሻው ነው የሚጮኸው።» በመጨረሻ በቆሎውን ከከርከሮ በተራ የሚጠብቁት ወንዶች ተሰብስበው መጡ። እነሱማ በምርቃት ነው የጀመሩት።

«ማርያም ትቅረብሽ! በሰላም ያገላግልሽ!» አሉ። «አንቺ እኮ የመንደሩ ዓይን ነሽ። ደጅሽ ላይ ሁኚና ከርከሮ ሲሰማሽ ቆርቆሮውን ምቺ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የኛ ሥራ ነው።»

«ከዚያ በፊት ያለውስ የማን ነው?» አለች ትርንጎ።

«አይ ይቺ ልጅ! ጨዋታ ታውቃለች» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

መንደሩ ተኛ። እንዴት ያለ እንቅልፍ መሰለህ! ከማንኮራፋቱ የተነሳ የጎጆው ክዳን ሣር ብድግ ቁጭ ይል ነበር። ውሾቹ እንኳ ሥራውን ለእሷ ትተው እግራቸውን ዘርግተው ተኙ። ሌባ መጥቶ «ቤቶች! የነቃ ሰው አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «አለሁ፣ ሂድ» የምትለው እሷው ነበረች።

ሲነጋ ደግሞ የቀን ሥራ አለ። ውሃው፣ ወፍጮው፣ እንጨቱ። ትንሽ ጋደም ልበል ስትል የባሏ አክስት ከደጅ ሆነው፣ «አንቺ ልጅ! እርጉዝ በቀን ከተኛች ልጁ ሰነፍ ይወጣል!» ይላሉ።

«እርስዎስ እትዬ፣ ከምሳ በኋላ ሲያንጎላጁ አይደል የሚውሉት?»

«እኔ ምን አለብኝ? መውለድ ያቆምኩ!»

ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ፤ ፊቷ ጠቆረ። እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ አላት። ውሃ ቀድታ ስትመለስ ቆማ ታንቀላፋለች፤ እንስራው ጀርባዋ ላይ ሲናወጥ ባንና ትነቃለች። አንድ ቀን ወንዝ ዳር ተቀምጣ ሆዷን ይዛ፣ «ውጣልኝና ወደፈለግህበት ሂድ! አንተም እንደነሱ ነህ!» አለች። ያለችውን ጆሮዋ ሲሰማው ደነገጠች። በአካባቢው ሰው አልነበረም። የሰማት ልጁ ብቻ ነው። ፊቷን በወንዙ ውሃ አብሳ አብሳ፣ እንባውም ውሃውም ሳይለይላት ወደ ቤቷ ወጣች።

ያን ዕለት ባሏን፣ «አንድ ቀን ብቻ ማንም ሳይጠራኝ ልተኛ» አለችው።

«ማን ከለከለሽ?» አላት ከልቡ ተገርሞ። «ተኚ እንጂ!»

ይህን ብሎ ሞፈሩን ተሸክሞ ወጣ። ትርንጎ ቆማ ቀረች። ከልካይ ቢኖር እግሩ ላይ ወድቃ ትለምነው ነበር። ከልካይ የለም። የሚጠራት ሰው ነው ያለው።

በዚያ አገር አንድ ደንብ አለ። በቆሎ ሲጠብቅ ያደረ ወንድ ጠዋት ቤቱ ሲገባ በትሩን ደጃፉ ላይ ያጋድማል። በትር የተጋደመበትን ደጅ ማንም አይሻገርም። ግብር ሰብሳቢው ይመለሳል፤ አማት ይመለሳሉ፤ መርዶ ነጋሪ እንኳ በትሩ እስኪነሳ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ እንባውን ይዞ ይጠብቃል። ሴት ግን በትር አጋድማ አታውቅም። ይከልከል ብሎ የደነገገም የለ፤ ማንም አስቦት ስለማያውቅ ነው።

በማግስቱ ባሏ ወደ እርሻ እንደወጣ፣ ትርንጎ በትሩን ከግድግዳው አወረደች። የሰው ዕቃ የሰረቀች ይመስል ግራ ቀኝ አየች። ደጃፉ ላይ አጋደመችው። መደቡ ላይ ወጥታ በግራ ጎኗ ሆነች፤ ጨርቋን ጉልበቷ መሀል አደረገች። ልጁ አንዴ ዞረ፤ ከዚያ እሱም ተዋት። ተኛች።

አረቄ አውጪዋ መጣች። በትሩን ስታይ፣ «ውይ! አባወራው ጠብቆ አድሮ ነው» ብላ በእግሯ ጣት እየተራመደች ተመለሰች። ነጋዴው ሊያስል አፉን ከከፈተ በኋላ ሳሉን ዋጠው። አክስትየዋም አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው በዝምታ አለፉ፤ ይህ በሕይወታቸው የመጀመሪያው ነው።

ከቀትር በኋላ ባልየው ራሱ መጣ። ርቦታል። የገዛ በትሩን ደጁ ላይ ተጋድሞ አገኘው። ሌላው ሁሉ ሊሳሳት ይችላል፤ እሱ ግን ውስጥ ማን እንዳለ ያውቃል። ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው እጁን ዘረጋ። በደጁ በኩል ያበጠው እግሯ ታየው። አፏን ከፍታ እንደ ሕፃን ተኝታለች።

እጁን መለሰ። ከደጁ ወጣ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና የመጣውን ሁሉ «ጠብቃ ያደረች ሰው ተኝታለች» እያለ መለሰ። ከዚያን ቀን ወዲያ በትሩ በየቀኑ ይጋደም ነበር፤ ወንዶቹም ከርከሯቸውን ራሳቸው ጠበቁ። ምጧ ሲመጣ ጉልበት አገኘች፤ በሰላም ተገላገለች።

እንግዲህ ሽታሁን፣ ያ መንደር ያንተ ቤት ነው። ያ ባልም አንተ ነህ። «እንቅልፍ አጣች» ብለህ ታዝንላታለህ፤ ትናንት ደግሞ «ደግነቱ እሷ ነቅታ ስለነበር በጊዜ ቀሰቀሰችኝ» ብለህ ስትስቅልኝ ነበር። ሆዷ የሚነሳትን እንቅልፍ አንተ አትመልስላትም። ሕመም ከመሰለህ ጤና ጣቢያ ውሰዳት፤ እዚያ የሚያውቁ አሉ። ሰው የሚነሳትን እንቅልፍ ግን የሚመልስላት ሐኪም የለም፤ ደጁ ያንተ ነው። ሥር መማሱን ተውና ደጅህ ላይ ተቀመጥ።

አሁን ምያለሁና ነፍሴን ላሳርፋት። ሆዷ እውነት ነው። ውሾቹም እውነት ናቸው። የጎጆው ሣር ብድግ ቁጭ ማለቱንማ ዛሬም ከፈለግህ እምልልሃለሁ። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬአለሁ፤ እጁን መለሰ ያልኩህንና ከዚያ ወዲያ ያለውን። አልመለሰም። በትሩን አነሳና ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ «ትርንጎ! ይሄን ማን እዚህ ጣለው? ምሳ የለም ወይ?» አለ።

ትርንጎም ተነሳች። ውሃ አምጥታ እጁን አስታጠበችው።